ይድረስ ለእንግሊዝኛ ፈተና አዘጋጆችና አራሚዎች፦ ስለ አንዲት ኮማ

ጤና ይስጥልኝ፤ እንደምን ከረማችሁ?

ይህን ደብዳቤ የምጽፍላችሁ ከምሥራቅ ጎጃም ነው። የእንግሊዝኛ መምህር ነኝ። ጠመኔ ከያዝኩ 19 ዓመት ሆነኝ። በእነዚህ ዓመታት ስለ ደመወዝም፣ ስለ መጽሐፍ እጥረትም፣ ስለ ክፍል ጥበትም በየስብሰባው ተናግሬያለሁ። ደብዳቤ ግን ጽፌ አላውቅም። ዛሬ ያስጻፈችኝ ከ«ኤንድ» በፊት አንዴ የምትገባ፣ አንዴ የምትቀር አንዲት ኮማ ናት።

ነገሩ ትንሽ ይመስላል። እስቲ የሆነውን ልንገራችሁ።

አምና ለ8ኛ ክፍል ተማሪዎች የሞዴል ፈተና ተሰጠ። አዘጋጁን አልጠራም። ችግሩ የአንድ ሰው ወይም የአንድ ቢሮ ብቻ እንዳልሆነ አውቃለሁ። ከጥያቄዎቹ አንዱ «ሥርዓተ ነጥቡ የተስተካከለው ዓረፍተ ነገር የትኛው ነው?» ይላል። ከአራቱ ምርጫዎች ሁለቱ ስህተት መሆናቸው ገና ሲታዩ ያስታውቃል። የቀሩት ሁለቱ እነዚህ ነበሩ፦

«ማይ ማዘር ቦት ሶልት፣ ሹገር ኤንድ ኮፊ።»

«ማይ ማዘር ቦት ሶልት፣ ሹገር፣ ኤንድ ኮፊ።»

የላቲኑን ፊደል ትቼ ድምፁን በፊደላችን ጽፌዋለሁ። በኮማው ቦታም ነጠላ ሰረዝ አስገብቻለሁ። «እናቴ ጨው፣ ስኳርና ቡና ገዛች» ማለት ነው። ልዩነቱ «ሹገር» ከሚለው ቃል በኋላ ያለችው ኮማ ብቻ ናት። በመልስ ቁልፉ ላይ ትክክል የተባለው ባለኮማው ነው። ሌላውን የመረጠ ሁሉ ኤክስ ገባበት።

አንዲት ተማሪዬ ያን ጥያቄ ሳተች። ጎበዝ ልጅ ናት። ከቤቷ ትምህርት ቤት ለመድረስ አንድ ሰዓት ተኩል በእግሯ ትሄዳለች። አንደኛ ለሚወጣ ተማሪ የሶላር መብራት ይሸለማል ተብሎ ነበር። እሷ በአንድ ነጥብ ተበልጣ ሁለተኛ ወጣች።

የመልስ ወረቀቷን አውጥቼ አየሁት። መጀመሪያ ያጠቆረችው ባለኮማውን ነበር። ከዚያ በላጲስ አጥፍታዋለች። በጣም ከማሸቷ የተነሳ ወረቀቱ ሳስቶ ሊቀደድ ደርሷል። ከዚያ ሌላኛውን አጥቁራለች። «ምነው ቀየርሽው?» አልኳት።

«ቲቸር፣ እርስዎ ከኤንድ በፊት ኮማ አይገባም ብለውን ነበር እኮ» አለችኝ።

እውነቷን ነው። ብያለሁ። ለስንት ዓመት፣ ለስንት ክፍል ብያለሁ። እኔም እንደዚያ ነው የተማርኩት።

በማግስቱ አባቷ መጡ። ገበሬ ናቸው። በልጅነታቸው የቄስ ትምህርት ቤት ገብተው ዳዊት ደግመዋል። ጋቢያቸውን አጣፍተው ደጃፉ ላይ ቆሙና «መምህር፣ ልጄ ምን አጥፍታ ነው?» አሉኝ። ወረቀቱን አሳየኋቸው። የእንግሊዝኛውን ፊደል ባያውቁትም ኮማዋን በጣቴ ሳመለክታቸው ጎንበስ ብለው አዩዋት። ትንሽ ዝም አሉ። «እኛም ዳዊት ስንማር ነጥብ ዘለላችሁ ብለው የኔታ ይቆነጥጡን ነበር። ግን ነጥቡ የት እንዳለ አስቀድመው ያሳዩናል» አሉኝ።

መልስ አጣሁላቸው። ከዚያን ቀን ጀምሮ ስለዚህች ኮማ ያገኘሁትን ሁሉ ሳነብ ከረምኩ። ያገኘሁትን ላካፍላችሁ።

ሦስትና ከዚያ በላይ ነገሮች ሲዘረዘሩ ከመጨረሻው «ኤንድ» ወይም «ኦር» በፊት የምትገባው ኮማ ስም አላት። «ኦክስፎርድ ኮማ» ይሏታል። «ሲሪያል ኮማ» የሚሏትም አሉ። ኦክስፎርድ የተባለችው በኦክስፎርድ ዩኒቨርሲቲ ማተሚያ ቤት የተነሳ ነው። የማተሚያ ቤቱ ኃላፊ የነበረው ሆራስ ሃርት በፈረንጆቹ 1893 ለፊደል ለቃሚዎቹና ለአራሚዎቹ ትንሽ የደንብ ጽሑፍ አዘጋጀ። በ1904 ለገበያም ቀረበ። ማተሚያ ቤቱ ዛሬም ከኮማዋ ጋር ነው። በአሜሪካም የቺካጎ ዩኒቨርሲቲ ማተሚያ ቤት ከ1906 ጀምሮ የሚያሳትመው የአጻጻፍ መመሪያ አለ። እሱም አስገቧት ይላል። ብዙ የአሜሪካ መጽሐፍ አሳታሚዎች የሚከተሉት ይህንኑ ነው።

አሶሽየትድ ፕሬስ የተባለው የአሜሪካ የዜና ድርጅት ደግሞ ሌላ ልማድ አለው። ዝርዝሩ ቀላል ከሆነ ኮማዋን ይተዋታል። አንባቢን የምታደናግር ከሆነ ያስገባታል። የእንግሊዝ ጋዜጦችም አብዛኞቹ ይተዋታል፤ ካስፈለገች ግን አይከለክሏትም።

እኛ መምህራን «አሜሪካ ያስገባል፣ እንግሊዝ ይተዋል» ብለን በአጭሩ የምንዘጋው ነገር አለን። እኔም ስለው ኖሬያለሁ። ልክ አይደለም። ኦክስፎርድ ያለው እንግሊዝ ነው፤ ያስገባል። የዜና ድርጅቱ ያለው አሜሪካ ነው፤ ይተዋል። ክፍፍሉ የአገር ብቻ አይደለም፤ የመጽሐፍ ቤትና የጋዜጣ ቤትም ክፍፍል ነው። ጋዜጣ ዓምዱ ጠባብ ነው፣ ቦታ ይቆጥባል።

ባለቤቶቹም ገና አልተስማሙም። በፈረንጆቹ 2011 የኦክስፎርድ ዩኒቨርሲቲ የሕዝብ ግንኙነት ክፍል ለሠራተኞቹ ባወጣው መመሪያ ኮማዋን በጥቅሉ ተዉአት አለ። ኦክስፎርድ ኦክስፎርድ ኮማን ጣለ ተብሎ ወሬው አገር አዳረሰ። ማተሚያ ቤቱ ግን በያዘው ጸና። በ2020 ደግሞ እንግሊዝ ከአውሮፓ ኅብረት ስትወጣ የ50 ፔንስ ሳንቲም ተቀረጸ። ጽሑፉ «ፒስ፣ ፕሮስፐሪቲ ኤንድ ፍሬንድሺፕ ዊዝ ኦል ኔሽንስ» የሚል ነው፤ ከ«ኤንድ» በፊት ኮማ የለም። ደራሲው ፊሊፕ ፑልማን ኮማዋ ቀርታለችና ማንበብ የሚያውቅ ሁሉ ይህን ሳንቲም አይቀበል ብሎ ተነሳ። ሳንቲሙ ግን ያለ ኮማዋ ወጣ።

እስቲ አስቡት። የእንግሊዝ መንግሥት በብረት ላይ የቀረጸውን አጻጻፍ እኛ የ8ኛ ክፍል ልጅ ስትመርጠው ኤክስ እናደርግባታለን።

እንግሊዝኛ በኮማ ጉዳይ ድሮም ባለበት የቆመ ቋንቋ አይደለም። በ18ኛውና በ19ኛው ክፍለ ዘመን የታተመ ጽሑፍ ብታዩ ዛሬ የማናስገባበት ቦታ ሁሉ ኮማ አለ። በ20ኛው ክፍለ ዘመን እየሳሳ መጣ። ዛሬ ትክክል ያልነው ነገ ሊላላ ይችላል፤ የላላውም ሊጠብቅ ይችላል።

እኛ ጋ ደግሞ ነገሩ የተደበላለቀበት የራሱ ምክንያት አለው። የአሜሪካ የሰላም ጓድ መምህራን ወደ ኢትዮጵያ መምጣት የጀመሩት በፈረንጆቹ 1962 ነው። ወደ ገጠሩም ወርደው አስተምረዋል። ከህንድ የመጡ መምህራንም ብዙ ነበሩ፤ የእነሱ እንግሊዝኛ የእንግሊዝን ልማድ የያዘ ነው። እኔን ያስተማሩኝ መምህር ከህንዳዊ መምህር የተማሩ ነበሩ። ሥራ ስጀምር አብረውኝ ያስተምሩ የነበሩ አንድ ጋሼ ደግሞ የሰላም ጓድ ተማሪ ነበሩ። በአንድ የመምህራን ክፍል ውስጥ፣ በአንድ ጠረጴዛ ላይ፣ እሳቸው የሚያስገቡትን ኮማ እኔ በቀይ እስክሪብቶ እሰርዝ ነበር። ጠዋት በእሳቸው የተማረ ልጅ ከሰዓት በእኔ ይታረማል። ያኔ ተቀምጠን ተነጋግረንበት አናውቅም። ይቆጨኛል።

ሌላም አለ። ልጆቻችን ኮማዋን ቢተዉ አይገርምም። አማርኛው ነው የሚመራቸው። እናት ልጇን ገበያ ስትልክ «ጨው፣ ስኳርና ቡና ይዘሽ ነይ» ትላለች። «ና» ስኳሩ ላይ ተለጥፏል። ነጠላ ሰረዝ በየት ይግባ? በስኳሩና በ«ና» መካከል ልትሰነቅሩት አትችሉም። «እና» ብለን ለይተን ስንጽፍ እንኳ ከፊቱ ነጠላ ሰረዝ ማድረግ ብዙም አልለመድንም። ስለዚህ አንድ የጎጃም ልጅ «ሹገር ኤንድ ኮፊ» ብሎ ሲጽፍ የራሱን ቋንቋ መንገድ ነው የተከተለው። ያ መንገድ ደግሞ ከእንግሊዝኛው አንዱ ልማድ ጋር ይገጥማል። ታዲያ ለምን ይቀጣል?

ኮማዋ ዋጋ የላትም እያልኩ እንዳልሆነ ግን ያዙልኝ። አላት። እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ።

ከአማርኛው ልነሳ። «አጎቴ፣ የዕድሩ ዳኛና ቄሱ መጡ» ብላችሁ ስንት ሰው መጣ? «መጡ» ለብዙም ለአንቱታም ነው። አጎቴ ራሳቸው የዕድር ዳኛም ቄስም ከሆኑ የመጡት አንድ ሰው ናቸው፤ ካልሆኑ ሦስት። ለማን ቡና እንደሚቀዳ ለማወቅ ደጁን መመልከት ያስፈልጋል።

ጎጃም የቅኔ አገር ነው። በዋሸራና በጎንጅ ጉባኤ አንዱን ቃል ሁለት ቦታ ማዋል ያስከብራል። ሰሙን ሰምቶ ወርቁን ፈልቅቆ ማውጣት ዓመታት የሚለፋበት ጥበብ ነው። እኛ ሁለት ትርጉም የሚያስደስተን ሕዝብ ነን። ቅኔው ላይ ግን ባለቅኔው ሁለቱንም ትርጉም አስቦ ነው የዘረፈው። ሕግ፣ የመድኃኒት ማዘዣና የፈተና ጥያቄ እንዲህ አይደሉም። እነሱ ላይ ትርጉሙ አንድ መሆን አለበት።

በአሜሪካ ሜይን ግዛት የሆነውን ስሙ። ኦክኸርስት የተባለ የወተት ድርጅት አለ። የድርጅቱ ሾፌሮች የኦቨርታይም ክፍያ ተከለከልን ብለው ከሰሱ። የግዛቱ ሕግ በሳምንት ከ40 ሰዓት በላይ የሠራ ሠራተኛ ለትርፍ ሰዓቱ አንድ ተኩል እጥፍ ይከፈለው ይላል። ግን ከዚህ ውጭ የሚሆኑ ሥራዎችን ይዘረዝራል። የሚበላሽ ምግብን በቆርቆሮ ማሸግ፣ ማቀነባበር፣ ማድረቅ፣ ማከማቸት እያለ ይሄድና መጨረሻው ላይ «ፓኪንግ ፎር ሺፕመንት ኦር ዲስትሪቢዩሽን» ይላል፤ «ፓኪንግ» ማሸግ፣ «ሺፕመንት» ጭነት፣ «ዲስትሪቢዩሽን» ማከፋፈል ነው። ከ«ኦር» በፊት ኮማ የለም።

ድርጅቱ «ማከፋፈል ራሱን የቻለ ሥራ ነው፤ ሾፌሮች ያከፋፍላሉ፤ ስለዚህ ኦቨርታይም አይገባቸውም» አለ። ሾፌሮቹ «የለም፤ ሕጉ የሚለው ማሸግ ብቻ ነው፤ ለጭነትም ይሁን ለማከፋፈል ማሸግ። እኛ አናሽግም፤ እንነዳለን» አሉ። መጀመሪያ ያየው ፍርድ ቤት ለድርጅቱ ፈረደ። በፈረንጆቹ መጋቢት 2017 ይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤት ገለበጠው። ሕጉ አሻሚ ነው፤ አሻሚ ከሆነ ደግሞ ለሠራተኛው በሚጠቅም መንገድ ይተርጎም አለ። በ2018 ድርጅቱ 5 ሚሊዮን ዶላር ሊከፍል ተስማምቶ ነገሩ አለቀ። የግዛቱ ምክር ቤትም ሕጉን እንደገና ጻፈው። በኮማዎቹ ምትክ ድርብ ሰረዝ አስገባ፤ «ዲስትሪቢዩሽን» የሚለውንም «ዲስትሪቢዩቲንግ» አለው።

እኔን የመሰጠኝ ቀጥሎ ያለው ነው። የዚያ ግዛት የሕግ አርቃቂዎች መመሪያ ራሱ በዝርዝር መጨረሻ ላይ ኮማ አታስገቡ የሚል ነበር። አርቃቂው ደንቡን አልጣሰም። ደንቡን አክብሮ ጽፎ ነው ነገሩ ፍርድ ቤት የደረሰው። ደንብ መሸምደድና ትርጉም ማየት ይለያያሉ።

ደግሞ ኮማዋ ሁልጊዜ አታድንም። «አይ ሜት ማይ አንት፣ ኤ ነርስ፣ ኤንድ ዘ ፕሪስት» የሚለውን እዩ። አክስቴን፣ አንዲት ነርስና ቄሱን አገኘሁ ለማለት ነው። በሁለት ኮማ መካከል የገባችው «ነርስ» ግን የአክስቴ ሙያ መስላ ትነበባለች። ሰዎቹ ሦስት ናቸው ወይስ ሁለት? ሁለተኛዋን ኮማ ብታወጡት ነርሷ ራሷን የቻለች ሰው ትሆናለች። አሁን ደግሞ «አይ ኢንቫይትድ ማይ ብራዘርስ፣ ዘ ዶክተር ኤንድ ዘ ፕሪስት» የሚለውን ውሰዱ። እዚህ ያለ ኮማዋ ወንድሞቼ ራሳቸው ሐኪምና ቄስ ይመስላሉ። ኮማዋ ስትገባ እንግዶቹ ይለያያሉ። አንዱ ጋ ያስቸገረችው ኮማ ሌላው ጋ ትገላግላለች።

ይህን ለ8ኛ ክፍል ማስተማር ይከብዳል የሚል ካለ፣ አይከብድም። ዘንድሮ ሞክሬዋለሁ። ሰሌዳው ላይ ዓረፍተ ነገሩን በነጭ ጠመኔ፣ ኮማዋን በቀይ ጻፍኩ። ልጆቹን አስነስቼ «ወንድሞቼ»፣ «ሐኪም»፣ «ቄስ» አድርጌ አቆምኳቸው። ኮማዋን ሳጠፋት ሐኪሙና ቄሱ ሄደው ወንድሞቹን ሆኑ። ስጽፋት ተነጥለው ቆሙ። አንድ ከኋላ የሚቀመጥ፣ አፉን ከፍቶ የማያውቅ ልጅ «ቲቸር፣ ኮማዋ አጥር ናት ማለት ነው?» አለኝ። ክፍሉ በሙሉ ገብቶታል። ደንቡን እንዲሁ ሳነበንብላቸው በኖርኩበት ዘመን እንዲህ የጠየቀኝ ተማሪ አልነበረም።

እንግዲህ የምለምናችሁ ይኼን ነው።

ሁለት ምርጫ በዚህች ኮማ ብቻ የሚለያይበት ጥያቄ አታውጡ። ትርጉሙ ካልተለወጠ ሁለቱም መልስ ናቸው፤ ሁለት መልስ ያለው ጥያቄ ደግሞ ፈተና አይሆንም። ኮማን መፈተን ከፈለጋችሁ ከላይ እንዳሳየሁት ትርጉም የምትለውጥበትን ዓረፍተ ነገር አምጡ። «እንግዶቹ ወንድሞቹ አለመሆናቸውን ለይቶ የሚያሳየው የትኛው ነው?» ብላችሁ ጠይቁ። ልጁ ማሰብ መቻሉ ያኔ ይታያል። ከሁለቱ ልማድ አንዱን መርጠናል የምትሉ ከሆነም መብታችሁ ነው። ግን ከፈተናው ወራት በፊት አሳውቁን። አንድ መስመር ይበቃል፦ በዝርዝር መጨረሻ ከ«ኤንድ» በፊት ኮማ እናስገባለን፣ ወይም አናስገባም። እኛም ለልጆቹ እንነግራለን።

አራሚዎችንም አንድ ነገር ልለምን። ልጁ በጽሑፉ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አንዱን ይዞ ከሄደ ተዉት። አንድ ገጽ ላይ አንዴ እያስገባ አንዴ እየተወ ካደናገረ ያኔ ምልክት አድርጉበት፤ ግን ለምን እንደሆነ ጻፉለት። ኤክስ ብቻውን አያስተምርም።

ያለፉት ዓመታት በአካባቢያችን ለተማሪ እንዴት እንደነበሩ ታውቃላችሁ። ስንቱ ልጅ ከትምህርት ገበታ ርቆ ከረመ። ብዙዎቹ ደብተር የያዙት ከዕድሜያቸው ዘግይተው ነው። እንዲህ ሆኖ የተመለሰ ልጅ ያለ ጥፋቱ አንዲት ነጥብ ሲቀነስበት አንጀቴ ያርራል። እኛ ዘንድ አንዲት ነጥብ ትንሽ አይደለችም። አንዱን አሳልፋ አንዱን ታስቀራለች።

ተማሪዬን ክፍል ውስጥ፣ በጓደኞቿ ፊት ይቅርታ ጠይቄያታለሁ። ያስተማርኳት ግማሹን ብቻ ነበር። አባቷንም ቅዳሜ ገበያ አግኝቻቸው ነገሩን አስረድቻቸዋለሁ። «ከኤንድ በፊት ያለችው ነገር ታዲያ አሁን ተቆረጠላት?» አሉኝ። አልተቆረጠላትም አልኳቸው። መብራቱ ለተሸለመው ልጅ ይገባዋል፤ እሱም ለፍቶ ነው ያገኘው፤ ይነጠቅ አልልም። የእሷ ነጥብ ግን እስከ ዛሬ አልተመለሰም።

የጥያቄው ወረቀትና የመልስ ቁልፉ ጠረጴዛዬ መሳቢያ ውስጥ አሉ። በጠራችሁኝ ቀን ይዤ እመጣለሁ። የዘንድሮው ሞዴል ፈተና ማተሚያ ቤት ከመግባቱ በፊት ብትጠሩኝ ደስ ይለኛል።

ከአክብሮት ጋር፣

አንድ የእንግሊዝኛ መምህር
ምሥራቅ ጎጃም